ኮርኒስ ላይ የቀረች ግማሽ አበባ

መሰላል ላይ ሆኜ ነው ያየኋት። ግማሽ አበባ።

ቤቱ ምዕራብ ለንደን፣ ቤይስዎተር ውስጥ ነው። ነጭ፣ ረዥም፣ በሩ ላይ ሁለት ወፋፍራም ዓምዶች የቆሙለት። በ1850ዎቹ አካባቢ ከተሠሩት ከነዚያ መንትያ ከሚመስሉ ረድፍ ቤቶች አንዱ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው። የኛ ሲሆን እናገራለሁ።) የተጠራሁት አንደኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ስቱዲዮ ቀለም እንድቀባ ነበር። ክፍሏ አልጋ፣ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ከያዘች በኋላ ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። ቁመቷ ግን ጉድ ነው። አራት ሜትር ይጠጋል። ተጋድሞ መቀመጥ የነበረበት ሳጥን በቁሙ የቆመ ይመስላል።

አበባዋ ከጂፕሰም የተሠራች ናት። ድሮ ትልቁ መብራት የሚንጠለጠልባት፣ ዙሪያዋን በቅጠል ያጌጠች ክብ ጌጥ። ክብ መሆን የነበረባት ማለቴ ነው። የቀኙ ግድግዳ መጥቶ መሐሏ ላይ ቆሟል። ከግድግዳው ወዲህ የቀረችው ግማሽ ጨረቃ ናት። መብራቱን ነቅለው አዲሱ መሐል ላይ ሰቅለውታል።

የክፍሏ ባለቤት ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው። እዚያች ክፍል ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል።

«ሌላኛዋ ግማሽ የት ሄደች?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሌላ ግማሽ አላት እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተከፋፈለ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወደ ላይ ነው። ወለል ይዋሻል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ግድግዳም ይዋሻል። ኮርኒስ ግን ማንም ስለማያየው የሚያስተካክለው የለም። እውነቱ እዚያ ተቀምጦ ይቆያል።

ኮርኒስ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ኮርኒስ ስንል ከጭንቅላታችን በላይ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። ችፑድም ይሁን አቡጀዲ፣ ኮርኒስ ኮርኒስ ነው። ለንደን በመጣሁ በመጀመሪያው ወር አለቃዬ «ዛሬ ኮርኒሱን ብቻ ቀባ» ብሎኝ ወጣ። ሙሉውን ቀብቼ፣ አንገቴ ተጣሞ ጠበቅሁት። ለካ ለእንግሊዝ ኮርኒስ ማለት ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚዞረው ጌጥ ብቻ ነው። ስቱኮም እንደዚሁ ነው። እኛ ከቀለም በፊት ቀዳዳ የምንደፍንበትን ነው ስቱኮ የምንለው። እነሱ ጋ የቤቱ ነጭ ፊት በሙሉ ስቱኮ ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከጣልያን ተነሥተው አንዱ ወደ ለንደን፣ አንዱ ወደ ፒያሳ ሄደው ሲያበቁ እኔ ላይ ተገናኙ።

ያ ነጭ ፊት ከሥሩ ተራ ጡብ ነው። ልስን ይለሰንና ሳይደርቅ መስመር ይሰመርበታል። ከሩቅ ሲታይ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል። ቤቱ ገና ከመጀመሪያው ትንሽ አስመሳይ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ቤት እንዴት ይኖርበት እንደነበር ለማወቅ መግባት አያስፈልግም። ከማዶ ሆኖ መስኮቶቹን ማየት ይበቃል። ከመሬት በታች ያለው ቤዝመንት ወጥ ቤቱ ነው። በሩ ፊት እግረኛ መንገዱ ላይ የሳህን ያህል ክብ የብረት ክዳን ትረግጣላችሁ። ከሥሩ የከሰል ጎተራ አለ። ከሰል ሻጩ ቤት ሳይገባ፣ ምንጣፍ ሳያቆሽሽ በዚያች ቀዳዳ ይገለብጠው ነበር። ግራውንዱ ላይ ምግብ ይበላል። አንደኛ ፎቅ እንግዳ መቀበያው ነው። ጣሪያው ከሁሉም ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ከሁሉም የረዘመ፣ በረንዳ ያለው። ከዚያ በላይ የባልና የሚስት መኝታ። ከዚያ በላይ ልጆች። ጣሪያ ሥር ደግሞ ሠራተኞች። መስኮቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ያጥራል፣ ጌጡም ይጠፋል። የማዕረግ ቅደም ተከተል ጡብ ላይ ተጽፎላችኋል። ምድጃው ስንት እንደነበር ደግሞ የጭስ ማውጫው ይናገራል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የሸክላ ጋኖች ብትቆጥሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ምድጃ አንድ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ረድፍ ቤቶች ሁለት ዓይነት መለያ አላቸው። ከጎረቤት ቤት የሚለያቸው ግንብ ወፍራም የጡብ ግንብ ነው። ብዙ ቦታ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ይታያል። ለንደን በ1666 ተቃጥላ ካለቀች በኋላ ተከታትለው የወጡት የግንባታ ሕጎች እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይሻገር ያመጡት ነገር ነው። ፎቅን ከፎቅ የሚለየው ግን እንጨት ነው። አግዳሚ ወራጆች፣ ከላይ ጣውላ፣ ከታች ቀጫጭን የእንጨት ርብራብና በላዩ የፈረስ ወይም የከብት ጸጉር የተቀላቀለበት የኖራ ልስን። አለቀ። ከላይ የሚሮጠው ልጅ የራስህ ልጅ ነው፣ ድምፁ ቢሰማህ ምን ችግር አለው?

ግንቡ ለባዕድ ተሠራ፣ ወለሉ ለቤተሰብ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሰዎች መጥተው ቤቱን በፎቅ በፎቅ ሲከፋፍሉት፣ ባዕዱን ያስቀመጡት ለቤተሰብ በተሠራው ወለል ላይ ነው። ለዚህ ነው በነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው በግራና በቀኝ ያለውን ጎረቤቱን ሳይሰማ ኖሮ፣ ከላይ ያለው ሰውዬ ሳንቲም ሲወድቅበት የስንት እንደሆነች የሚያውቀው። ሰዎች ጎረቤቴ ባለጌ ነው ብለው ያማርሩልኛል። ጎረቤቱ ምን ያድርግ? እግሩን አንጠልጥሎ አይኖር።

ለምን ተከፋፈሉ ብትሉኝ፣ አጭሩ መልስ ሠራተኛ ጠፋ ነው። በቪክቶሪያ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ በሰው ቤት የሚያገለግለው ሕዝብ ከሚሊዮን በላይ ነበር። ያን ሁሉ ከሰል አምስት ፎቅ የሚያወጣ፣ አመዱን የሚያወርድ፣ ሙቅ ውሃ በባልዲ የሚሸከም ሰው ነበረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ሴቶቹ ፋብሪካና ቢሮ ገቡ። ከዚያ በኋላ የተመለሰው ጥቂት ነው። ያለ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቤት ደረጃ ብቻ ነው። ሀብታሞቹ ወደ አነስተኛ ቤት ሄዱ፣ ባዶውን ቤት አከራይ ወሰደው፣ ክፍል በክፍል ቸበቸበው። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ቦምብ ያፈረሰው ሰፈር ሲጨመርበት አንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ገባ።

ከቤይስዎተር ወደ ምዕራብ ትንሽ ራመድ ብትሉ ኖቲንግ ሂል ነው። ዛሬ ቤቱ በሚሊዮን የሚሸጥበት ሰፈር በ1950ዎቹ ፒተር ራክማን የሚባል አከራይ ግዛት ነበር። ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮችን ሌላው አከራይ በር ሲዘጋባቸው እሱ ያስገባቸዋል። ታዲያ በርካሽ አይደለም። የድሮ ተከራዮችን በጉልበተኛ ያስወጣል፣ ክፍሉን ይከፍላል፣ ኪራዩን ይቆልላል። ራክማን በ1962 ሞተ። ስሙ ግን «ራክማኒዝም» ተብሎ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። አንዳንድ ጊዜ የድሮ ግድግዳ ስገነጥል የዚያ ዘመን የእጅ ሥራ ያጋጥመኛል። እርጥብ እንጨት፣ በጋዜጣ የተደፈነ ቀዳዳ፣ ሳንቲም የሚጎርስ የመብራት ቆጣሪ የተሰቀለበት ምልክት። ሳንቲሙ ሲያልቅ መብራቱም ያልቃል። ሽማግሌ ደንበኞቼ አሁንም ያስታውሱታል።

የተከፋፈለ ቤት ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ ክፍል መግቢያው ነው። ድሮ እንግዳ የሚያስደነግጥ አዳራሽ ነበር፣ ጥቁርና ነጭ ሰድ የተነጠፈበት። አሁን የማንም አይደለም። አሮጌ ብስክሌት፣ የሕፃን ጋሪ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ለወጣ ተከራይ የሚመጣ ደብዳቤ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ያቺ ሰዓት ቆጣሪ መብራት አለች። ሲጫኗት ትገባና ቀስ እያለች ወደ ውጭ ትመለሳለች፣ ስትጨርስ ድርግም። የገጠማት ሰው ያሰበው ባዶ እጁን ለሚወጣ ጎረምሳ ነው። እኔ ሁለት ጋሎን ቀለም ይዤ ስወጣ ሁልጊዜ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የምትከዳኝ። በጨለማ ቆሜ ግድግዳ ስዳስስ ስንቴ አዲስ የቀባሁትን በእጄ ነክቻለሁ!

ይሄ ሁሉ ለኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ያደግሁት ትርፍ ቤት ውስጥ ነው። በ1967 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። እኔ ስወለድ የኛ ቤት ከአንድ የሹም ቤት የተቆረሰ ቁራሽ ሆኖ ነበር። ወርሃዊ ኪራዩ ለቀበሌ ይከፈላል። ሳሎኑን ለሁለት የከፈለው ኮምፔንሳቶ ነበር፣ ኮምፔንሳቶው ደግሞ ከአቡጀዲው ኮርኒስ አያልፍም። ከዚያ በላይ ጣሪያው አንድ ነው። አይጦቹ አዋጁን አልሰሙም፣ ከኛ ወደ ጎረቤት እንደ ልባቸው ይሮጡ ነበር። የጎረቤታችን ሬዲዮ በላይ በኩል ይመጣል፣ የእናቴ ሽሮ ሽታ በላይ በኩል ይሄዳል። እትዬ ከወዲያ ሆነው «ዛሬ በርበሬው በዛ» ይሉ ነበር። እናቴ ሳትቆጣ ውሃ ትጨምራለች።

ስለዚህ መከፋፈሉን አልነቅፍም። ባይከፋፈሉ ኖሮ ግማሾቹ ይፈርሱ ነበር። የሚያናድደኝ ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ድፎ ዳቦን አስቡት። ከላይ ወደ ታች ስትቆርሱት ለሁሉም ከላይኛው ቅርፊት፣ ከመሐሉ፣ ከታችኛውም ይደርሰዋል። አግድም ብትሰነጥቁት ግን አንዱ ቅርፊት ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ አንዱ ልቡን፣ አንዱ ከታች ያረረውን። ለንደን ውስጥ የተደረገው አግድሙ ነው። ቤዝመንት የደረሰው ሰው የሰው ጫማ ሲያልፍ ያያል። ጣሪያ ሥር ያለው በበጋ ይቀቀላል። አንደኛ ፎቅ የደረሰው የንጉሥ ጣሪያ ይዞ ወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ይሠራል። በርግጥ ረድፍ ቤት ላይ ሌላ ምርጫ የለም። ቤቱ ራሱ አስቀድሞ ቀጭን ቁራሽ ነው፣ ቁራሽን በቁመት ደግሞ አትሰነጥቀውም።

ትልልቆቹን የገጠር ቤተ መንግሥት መሰል ቤቶች ግን በቁመት መቁረጥ ይቻላል። ይህን ነገር አሳምሮ ያሳየው ኪት ማርቲን የሚባል አርክቴክት ነው። ነገሩ የሆነው እነዚያ ቤቶች በጅምላ በሚፈርሱበት ዘመን ማግሥት ነው። የውርስ ግብሩ ከበደ፣ ሠራተኛው ሄደ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሰፍሮባቸው ተጎሳቆሉ፣ ባለቤቶቹ ለአፍራሽ ሸጧቸው። በ1974 ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። አዳራሹን የሚወድቁ ዓምዶች አስመስለው ሠሩት፣ የፈረሱትን ቤቶች ስም በድምፅ እየጠሩ። እንደ ሙታን መዝገብ። ከዚያ በኋላ ነው የሕዝቡ ስሜት መለወጥ የጀመረው።

ማርቲን ሌላው ሰው አይድንም ያለውን ቤት ራሱ ይገዛል። ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ ዲንግሊ ሆልን፣ ኖርፎክ ውስጥ ደግሞ በ1882 ቃጠሎ ያወደመውን ገንተን ሆልን። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው። ቤቱን ከምድር እስከ ጣሪያ በቁመት ይከፍለዋል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የውጭ በር፣ የራሱ ደረጃ፣ ከታች ጓዳ፣ መሐል ላይ አንድ ጥሩ ክፍል፣ ከላይ መኝታ። አንድ ትልቅ ቤት እንደዚህ ዓይነት ረድፍ ቤት ይሆናል ማለት ነው፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። እነዚያ ወፋፍራም የውስጥ ግንቦች እንደ መለያ ያገለግላሉ። ለባዕድ የሚሆን ግንብ አስቀድሞ የት እንዳለ ፈልጎ ያገኛል እንጂ አዲስ አይገነባም። ትልቁን አዳራሽ ደግሞ አይነካውም። ከሰዎቹ አንዱ ሙሉውን ይወስደዋል፣ ዋጋውንም ይከፍላል። መናፈሻውም አይከፋፈልም፣ የጋራ ነው። በየመስኮቱ ሥር አጥር ቢቆም ቤቱ ያኔውኑ ያልቅለታል።

ከሥራዎቹ አንዱን በሩቁ አይቼዋለሁ። ራትላንድ የምትባል አነስተኛ ክፍለ ሀገር ውስጥ በርሊ ኦን ዘ ሂል የሚባል ቤት አለ። የኖቲንግሃም ሁለተኛው አርል ዳንኤል ፊንች በ1690ዎቹ ማሠራት የጀመረው ነው። በግራና በቀኝ እንደ ተዘረጋ ክንድ የሚጎብጥ የዓምድ ረድፍ አለው። በ1908 እሳት ተነሥቶበት፣ የዚያን ሌሊት እንግዳ ሆኖ ያደረው ዊንስተን ቸርችል እሳት አጥፊዎቹን ሲረዳ አመሸ። በ1990ዎቹ ማርቲን ዋናውን ሕንፃ ለስድስት መኖሪያ ከፈለው፣ የፈረስ ጋጣውና ሌሎቹ ቤቶች ሲጨመሩ ጠቅላላው 22 ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ራትላንድ ወተር የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ልናይ ሄደን፣ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ሲያየን አገኘነው። አንድ ቤት ነው። ስድስት ቤት መሆኑን አስቀድሜ ባላነብ ኖሮ አላውቅም። ጓደኛዬ «ይሄን ማን ይቀባዋል?» አለኝ። የሙያ ጥያቄ ነው፣ አልመለስኩለትም።

ታዲያ ማርቲን ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። መሐል ለንደን፣ ፒካዲሊ ላይ፣ ከሮያል አካዳሚ አጠገብ ኦልባኒ የሚባል ቤት አለ። ሶመርሴት ሃውስን የሠራው ሰር ዊልያም ቼምበርስ በ1770ዎቹ ለአንድ መኳንንት የሠራው ነው። በኋላ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ልጅ፣ የዮርክና ኦልባኒ ዱክ ወሰደው። ልዑሉ ዕዳ ነበረበት። በ1802 ቤቱ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ተሸጠና ሄንሪ ሆላንድ የሚባል አርክቴክት ከፋፈለው። ዋናውን ቤት በክፍል በክፍል አድርጎ፣ የጓሮውን አትክልት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ረዣዥም ሕንፃዎች ሠራ። በመሐላቸው ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ዘረጋ። ኮሪደር የለም፤ እንደ ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ኮሌጆች በየደረጃው ግራና ቀኝ በር ነው። በጠቅላላው 69 መኖሪያ ወጣው። ገጣሚው ባይረን ኖሮበታል፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስቶን ኖሮበታል፣ ኤድዋርድ ሂዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እስኪሆን እዚያ ነበር።

እዚያ አንዱ መኖሪያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። «ሴት» ይሉታል። እንግሊዝኛው የክፍሎች ስብስብ ለማለት ነው። ቤቱ ደግሞ ሲጀመር ላላገቡ ወንዶች ብቻ ነበር። 69 ሴት፣ አንዲትም ሴት የሌለችበት። ይህን ለእንግሊዝ ደንበኛ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

በነገራችን ላይ ግድግዳ ሲጨመርም ጥሩ አጨማመር አለ። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ውስጥ ለመከፋፈል ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ተቆጣጣሪዎቹም እንደ ዋዛ አይለቁም። አዲሱ ግድግዳ የድሮውን ጌጥ ጋ ሲደርስ ጌጡ አይቆረጥም። ግድግዳው ነው የሚቆረጠው። አናጢው የጌጡን ቅርጽ በካርቶን ይወስዳል፣ ጉብታውን በጉብታ፣ ስርጉዱን በስርጉድ፣ ከዚያ ቦርዱን በዚያ ልክ ይጠርበዋል። ግድግዳው ሄዶ ጌጡን አቅፎ ይቆማል። ነገ ቢነሣ ጌጡ ጭረት አይኖረውም። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ አያቆምም። መታጠቢያውንና ወጥ ቤቱን ጣሪያ በማይነካ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ክፍሉ መሐል ያስቀምጠዋል፣ እንደ ትልቅ ቁም ሣጥን። ኮርኒሱ ከላይ ሳይቋረጥ ዞሮ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ክፍል ስቀባ እጄ ራሱ ደስ ይለዋል፣ ብሩሹ የሚቆምበት ቦታ የለማ።

የቤይስዎተሩን ቤት የከፈለው ሰውዬ ግን መጋዝ ነበረው፣ ትዕግሥት አልነበረውም።

ከግድግዳው ሌላ ደግሞ የማይታይ ግድግዳ አለ፣ ወረቀት ላይ። እንግሊዝ አገር ፍላት ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ የምትገዙት ሊዝ ነው። ሊዝ ለኛ ሰው አዲስ ቃል አይደለም። 99 ወይም 125 ዓመት፣ እንደ ውሉ። መሬቱና ሕንፃው የሌላ ሰው ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ስትሉ ነገሩ ወደ ጣሪያው ይመለሳል። በእንግሊዝ ሕግ ቤቱን ሙሉ በሙሉ የራሱ አድርጎ የገዛን ሰው ገንዘብ አውጥተህ ጣሪያ አድስ የሚል ግዴታ ብትጽፉበት፣ ቤቱን ለሌላ ሲሸጥ ግዴታው አብሮ አይሻገርም። በሊዝ ግን ይሻገራል። ስለዚህ አምስት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲኖር ሊዝ አስፈለገ። ከ1993 ጀምሮ ነዋሪዎች ተሰባስበው ባለቤትነቱን የመግዛት መብት አላቸው። ሲገዙት ደግሞ ይጣላሉ። ጣሪያ ሲያፈስ ቤዝመንት ያለው ሰው «እኔ ጋ አልፈሰሰም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልፈሰሰበትም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ስልክ ተደወለልኝ። ከላይ ያለው ፍላት ሻወሩ አፍስሶ ኮርኒስ አበላሽቶብናል አሉኝ፣ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። አድራሻውን ሲነግሩኝ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያው ቤት። አንደኛ ፎቅ። የሴትዮዋ ጎረቤት በር።

ስገባ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ወደ ላይ አየሁ። አለች።

ውሃው ቀለሙን አንሥቶታል፣ ሙሉውን መፋቅ ነበረብኝ። የድሮ ቀለም እንዲሁ በደረቁ አይፋቅም፣ እርሳስ የሚባለው መርዝ አለበት። በውሃ እያራስኩ፣ በስለት እየቀረፍኩ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቀለም ሲቀረፍ እንደ ሽንኩርት ነው። ላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከሥሩ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሌላ ክሬም። መጨረሻ ላይ ከጠመኔና ከሙጫ የተበጠበጠው የጥንቱ ቀለም። ውሃ ሲነካው ወተት ይሆንና ይወርዳል። እሱ ሲወርድ ቅጠሎቹ ወጡ። ሁልጊዜ ድፍን ያለ ነገር መስለው የሚታዩት ቅጠሎች ለካ ጅማት አላቸው። የጸጉር ያህል ስስ መስመር፣ ጫፋቸው የተጠቀለለ።

የሴትዮዋን ስቀባ ጥግ ላይ ትንሽ ፍቄ በስልኬ ያነሣሁት ፎቶ ነበረኝ። አውጥቼ አስተያየሁት። ከታች ጀምሮ ጠመኔው፣ ክሬሙ፣ አረንጓዴው፣ ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ከአረንጓዴው በኋላ ይለያያሉ። የሳቸው ሮዝ ይሆናል፣ የነዚህ ቡናማ። ግድግዳው የመጣው አረንጓዴው ከተቀባ በኋላ ነው ማለት ነው። ዓመቱን አይናገርም። ግን እዚያች የጥፍር ውፍረት በማታክል ቦታ ላይ ቤቱ ሁለት ሲሆን አየሁት።

ለባልና ሚስቱ ነገርኳቸው። «እንጥራቸዋ!» አለች ልጅቷ። ስንት ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ሰላም ብቻ ነው የሚባባሉት። ሄጄ አንኳኳሁ።

«አገኘኋት» አልኳቸው።

«ማንን?»

በምርኩዛቸው ቀስ ብለው መጡ። ክፍሉ መሐል ቆመው ቀና አሉ። ምርኩዙን አንሥተው እያመለከቱ ቅጠሎቹን ቆጠሩ፣ ድምፅ እያሰሙ።

«ሰባት» አሉ። «የኔም ሰባት ናት፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ቆጥሬአለሁ።»

«አሥራ ስድስት ነበሩ» አልኳቸው። በመሐላቸው ያለውን ርቀት ለክቼ ነበር። «ሁለቱ ግድግዳው ውስጥ ናቸው።»

ግድግዳውን አዩት። ከወዲያ በኩል የሳቸው አልጋ ነው ያለው። እጃቸውን ዘርግተው ዳሰስ አደረጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔን እንዲህ ለመፋቅ ስንት ነው የምታስከፍለኝ?»